ከጣሪያ በላይ ነፋስ

እ.ኤ.አ. በሜይ 17 ቀን 1849 ምሽት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሴንት ሉዊስ ከተማ ወደብ ላይ ቆማ የነበረች «ኋይት ክላውድ» የተባለች የእንፋሎት መርከብ በእሳት ተያያዘች። እሳቱ ከመርከብ ወደ መርከብ፣ ከወደቡም ወደ ከተማው ተዛምቶ ሲነጋ 23 መርከቦችና ከ400 በላይ ቤቶች አመድ ሆነው ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ የከተማው ሹማምንት የደነገጉት ደንብ አጭር ነበር፤ ቤት ከእንግዲህ በድንጋይና በጡብ እንጂ በእንጨት አይሠራም። ሴንት ሉዊስም ለዚህ ደንብ የተፈጠረች ይመስል ከመሬቷ ሥር ለጡብ የሚሆን ምርጥ ሸክላ ነበራት፤ ሙያውን የያዙ የጀርመን ስደተኞችም በየዓመቱ ይጎርፉባት ነበር። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ የከተማዋ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ብሪክ ኩባንያ በዓለም ካሉት ታላላቅ ጡብ አምራቾች አንዱ ሆነ፤ ቀይ ጡብም የከተማዋ መልክ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ደንብ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእሳት ለመዳን የተገነባው ግድግዳ በነፋስ ፊት ደጋግሞ ወድቋል፤ በወደቀ ቁጥርም ጥፋቱ በጡቡና በዕድሜው ተሳብቧል። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። ያረጀ የጡብ ግንብ ሰው የሚገድለው ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳውም ከወለሉ ጋር ስላልታሰረ ነው። ያልታሰረ ደግሞ ዛሬም ሊታሰር ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን ያን ጊዜ ግንብ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ግድግዳው ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ጡብ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ በኖራና በአሸዋ ተያይዞ የሚቆም ወፍራም ግንብ ነው፤ በውስጡ ፌሮ የለም። እንዲህ ያለ ግንብ ከላይ ሲጫኑት እጅግ ብርቱ ነው፤ ክብደቱ ራሱ ጡቡን በጡብ ላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ከጎን ሲገፉት ወይም ወደ ላይ ሲስቡት ግን ጡቡን የሚያያይዘው ኖራው ብቻ ነው፤ የኖራው ጉልበት ደግሞ ጥቂት ነው። በአገራችን የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚ ብቻውን ቤት እንደማይሆን፣ ማገር ተጋድሞበት በልጥ ወይም በምስማር ካልታሰረ እንደማይጸና ማንም ያውቃል። ለጡብ ግንብ ማገር የሚሆኑት ወለሎቹና ጣሪያው ናቸው፤ ግድግዳው እንዳይዘም ከጎን የሚደግፉት እነርሱ ናቸው። የሴንት ሉዊስና የሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ግንበኞች ግን ይህን ማገር ብዙ ጊዜ ሆን ብለው ሳያስሩ ይተዉት ነበር። የወለሉ ወራጅ ጫፍ በግድግዳው ውስጥ በተተወለት ኪስ ላይ ይቀመጣል፤ ጫፉም በሰያፍ ይቆረጣል። እሳት ወራጁን ከመሐል ቢበላው፣ ጫፉ ግድግዳውን ፈንቅሎ ሳይጥል ሾልኮ እንዲወድቅ ታስቦ ነው። ለእሳት ይህ ብልህነት ነበር። ነፋስ የሚጠይቀው ግን ተቃራኒውን ነው፤ እሳት ሲመጣ እንዲላቀቅ የተሠራ ቤት ነፋስ ሲመጣም ይላቀቃል።

ነፋሱ ሜይ 27 ቀን 1896 ወደ አመሻሽ ላይ መጣ። ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ወደ መሬት የሚወርድ፣ እየተሽከረከረ የሚጓዝ የነፋስ ዓምድ ነው። የዚያ ቀኑ ላፋዬት ስኩዌርንና ሱላርድን የመሳሰሉትን የጡብ ሰፈሮች ሰንጥቆ አለፈ፤ ወንዙን ተሻግሮም ማዶ ያለችውን ኢስት ሴንት ሉዊስን መታ። 255 ሰዎች ሞቱ፤ ከሺህ በላይ ቆሰሉ። ታዋቂው የኢድስ ድልድይ እንኳ በምሥራቅ በኩል ተጎዳ፤ በነፋሱ የተወረወረ ጣውላም የድልድዩን የብረት ሰሌዳ በስቶ ተሰክቶ ተገኘ። ከዚያ ቀን የቀሩትን ፎቶግራፎች የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል፤ ጣሪያው የሄደ፣ የላይኛው ፎቅ ግድግዳው ወደ መንገድ የተዘረጋ፣ ምድር ቤቱ ግን እንዳለ የቆመ ሕንፃ። የላይኛውና የታችኛው ግድግዳ ጡብ አንድ ነው፤ ኖራው አንድ ነው፤ ግንበኛውም አንድ ነው። ልዩነቱ የታችኛው ግድግዳ በላዩ የሚጫነው ክብደት መኖሩ፣ ከላይና ከታችም ወለል ደግፎ መያዙ ነው። የላይኛው ግድግዳ የነበረው ብቸኛ ደጋፊ ጣሪያው ነበር፤ ጣሪያው ሲሄድ ብቻውን ቀረ። ሙሉው ትምህርት በዚያ ፍርስራሽ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

ጽሑፉን ለማንበብ የሞከረ መሐንዲስም ነበር። ጁሊየስ ቤየር በ1897 በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ከተሰበረውና ከተጣመመው ነገር ተነሥቶ የነፋሱን ግፊት ለመገመት ሞከረ፤ ረጃጅም ሕንፃዎችም ነፋስን የሚቋቋም ማጠናከሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ተከራከረ። ጥናቱ ያተኮረው ግን ወደ ሰማይ በመውጣት ላይ በነበሩት አዳዲስ ፎቆች ላይ ነበር። ሕዝቡ የሚኖርበት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት በወደቀበት ቦታ እንደ ነበረው ተመልሶ ተሠራ። ማርች 18 ቀን 1925 ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አቋርጦ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው ቶርኔዶ 695 ሰዎችን ፈጀ፤ መርፊስቦሮ በተባለች አንዲት ከተማ ብቻ 234 ሰዎች ሞቱ፣ ዴ ሶቶ በምትባል ትንሽ ከተማም በፈረሰው ትምህርት ቤት 33 ሰዎች አለቁ። በ1927 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሴንት ሉዊስ ራሷ እንደገና ተመታች፤ ከ70 በላይ ነዋሪዎቿንም አጣች። ያን ጊዜ የሰፈነው አስተሳሰብ ቶርኔዶ ከሰው ሥራ በላይ ነው የሚል ነበር። የነፋሱ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ጋር የሚወዳደር ነው ብለው የሚገምቱ አዋቂዎች ነበሩ። እንዲህ የሚታመንበትን ነፋስ ለመቋቋም ግድግዳ ማሰር ከንቱ ድካም መስሎ መታየቱ አያስገርምም። ግምቱ ስሕተት መሆኑ እስኪታወቅ ግን ግማሽ ክፍለ ዘመን ገደማ አለፈ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተመሳሳዩ ግንብ በሌላ ኃይል ተፈተነ። ማርች 10 ቀን 1933 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች የደረሰው፣ 6.4 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ፌሮ የሌላቸውን የጡብ ትምህርት ቤቶችም በብዛት አፈራረሰ። አደጋው አመሻሽ ላይ፣ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ባይደርስ ኖሮ ስንት ሕፃናት ያልቁ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ካሊፎርኒያ የተፈጥሮ ነገር ነው ብላ አልተቀመጠችም። አንድ ወር ቆይታ የትምህርት ቤት ግንባታን በጥብቅ የሚቆጣጠረውን፣ ፊልድ አክት የተባለውን ሕግ አወጣች። በ1949 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ወደ ነባሮቹ ሕንፃዎች ፊቷን አዞረች፤ ግንበኞች ፓራፔት የሚሉትን፣ ከጣሪያ በላይ ብቅ ብሎ የሚቆመውን አጭር ግድግዳ ባለቤቶች አደገኛነቱን እንዲያስወግዱ አዘዘች። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። መሬት ከሥር ቢያናውጠው፣ ነፋስ ከላይ ቢመነጭቀው፣ ግንቡ የሚላቀቀው በአንድ ቦታ፣ በመጋጠሚያው ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ በአንድ አገር ውስጥ ይታወቅ ነበር፤ ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ወዳሉት የቶርኔዶ ክፍለ ግዛቶች ግን አልተሻገረም።

መካከለኛው አሜሪካ ይበልጥ የተማመነው በማስጠንቀቂያ ነው። ማርች 25 ቀን 1948 በኦክላሆማ የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር፣ ፋውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኮንኖች ቶርኔዶ እንደሚመጣ አስቀድመው አስታወቁ፤ ያሉትም በዚያው ምሽት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያደገው የትንበያ ሙያ እጅግ ብዙ ሕይወት አድኗል። ስለዚህም «ማስጠንቀቂያ ካለ ግድግዳ ማጠናከር ምን ያደርጋል?» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። መልሱ የተሰጠው ገና በ1953 ነው። ሜይ 11 ቀን ቶርኔዶ ቴክሳስ ውስጥ ዌኮን ሲመታ ብዙ ሰዎች ለመጠለል ወደ መሐል ከተማው ሱቆች ሮጡ፤ የተጠለሉበት ግንብ ግን በላያቸው ወረደ። አር.ቲ. ዴኒስ በተባለው የቤት ዕቃ መደብር ብቻ 30 ሰዎች ሞቱ። መንገድ ላይ የተከመረው ጡብ ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል ደረሰ፤ ከፍርስራሹ ሥር 14 ሰዓት ቆይተው የወጡ ነበሩ። በጠቅላላው 114 ሰዎች አለቁ። ከመንገዱ ማዶ ግን ባለ 22 ፎቁ አሚከብል ሕንፃ ቆሞ ቀረ። እርሱም ከተሠራ 40 ዓመት ያለፈው ነባር ሕንፃ ነበር፤ ያተረፈው ክፍሎቹን ሁሉ አንድ አድርጎ ያሰረው የብረት አጽሙ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰውን ወደ መጠለያ ይመራል። መጠለያው ራሱ የሚገድል ከሆነ ግን ቀድሞ መስማት ብቻውን አያድንም፤ ማስጠንቀቂያና ጽኑ ግድግዳ አንዱ ሌላውን የሚተካ ሳይሆን አንዱ ያለሌላው ጎዶሎ ነው።

ልክ በ17 ዓመቱ፣ ሜይ 11 ቀን 1970፣ ቶርኔዶ ሌላዋን የቴክሳስ ከተማ ላበክን መትቶ 26 ሰዎች ገደለ። ላበክ ግን የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ነበረች። ኪሾር መህታን የመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲው መሐንዲሶች የፈረሰውንና የቆመውን እያነጻጸሩ መረመሩ። የደረሱበት ነገር የቀድሞውን እምነት ናደው፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው መሐንዲስ ሊያሰላውና ሊዘጋጅበት በሚችል ፍጥነት ነው። በ1971 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቴትሱያ ፉጂታ ቶርኔዶን ካደረሰው ጉዳት ተነሥቶ የሚመድበውን መለኪያ አወጣ። በዚያ መለኪያ የመጨረሻው ደረጃ የሚጀምረው በሰዓት 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ በ2007 ሥራ ላይ በዋለው የተሻሻለ መለኪያ ግን ያው ደረጃ ከ322 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ነፋሱ አልደከመም፤ ቤቶች ከተገመተው ባነሰ ነፋስ እንደሚፈርሱ ታወቀ እንጂ። አብሮ የወደቀ ሌላ እምነትም ነበር። በቶርኔዶ መሐል ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቤት ከውስጥ ይፈነዳል፣ ስለዚህ መስኮት ክፈቱ እየተባለ ለዓመታት ይመከር ነበር። መሐንዲሶቹ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አሳዩ፤ የተከፈተ መስኮት ነፋሱን አስገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ያስገፋዋል።

በዚህ መንገድ የግንቡ አፈራረስ ከነቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆነ። ነፋሱ መስኮት ወይም በር ይሰብራል። የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ በላዩ የሚያልፈው ደግሞ ወደ ላይ ይመጥጠዋል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ100 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ኃይል አለው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በራሱ ክብደት ብቻ ግድግዳ ላይ ያረፈ የእንጨት ጣሪያ ይህን አይችልምና ይነሣል። ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ጡቡን በጡብ ላይ ይጭነው የነበረውን ክብደትና ጫፉን ከጎን የያዘለትን ድጋፍ። ከዚያ ወዲያ በሜዳ ላይ እንደቆመ ረጅም አጥር ነው፤ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ሰዎቹ ላይ፣ ወደ ውጭ ሲወድቅ መንገደኛው ላይ ይወድቃል። በዓይን የሚታየውና የሚገድለው የግድግዳው መውደቅ ነው፤ የመጀመሪያው ሽንፈት ግን የጣሪያው ማሰሪያ ነው። ለዚህ ነው ገንዘብ ጥቂት ሲሆን መጀመሪያ መዋል ያለበት ከላይ፣ ጣሪያና ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚሆነው።

እንዴት እንደሚታሰር ያሳየችው ደግሞ ያችው ሎስ አንጀለስ ናት። በ1981 ባወጣችው ደንብ ፌሮ የሌላቸው ነባር የጡብ ሕንፃዎች በባለቤቶቻቸው እንዲጠናከሩ ወይም እንዲፈርሱ አዘዘች፤ ደንቡ የነካቸው 8,000 ያህል ነበሩ። ሥራው ምስጢር የለውም። ግድግዳው ተበስቶ ረጅም ቡሎን ይገባል፤ ከውጭ በኩል በብረት ሳህን ይያዛል፣ ከውስጥ በኩል ከወለሉና ከጣሪያው ወራጆች ጋር ይታሰራል። በጣሪያው ሳንቃ ላይ ጠንካራ ኮምፔንሳቶ ተነጥፎ በምስማር ሲመታ ጣሪያው አንድ ሰፊ ሰሌዳ ይሆንና አራቱን ግድግዳዎች አንድ ላይ ይይዛል። ፓራፔቱ፣ የጭስ ማውጫውና ከጣሪያው ጫፍ ሥር ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ከኋላ በብረት ይደገፋሉ። ቀጭንና ረጅም ለሆነው ግድግዳ ከውስጥ የብረት ቋሚ ይቆምለታል። ለነፋስ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል፤ የጣሪያው ማሰሪያ ወደ ታች ረጅም ወርዶ ብዙ ጡብ መያዝ አለበት፣ አለዚያ ነፋሱ ጣሪያውን ከላይኞቹ ጥቂት ረድፎች ጋር ይዞት ይሄዳል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የተበላው መጋጠሚያ ተጠርጎ በአዲስ ሞርታር መሞላት አለበት፤ ሞርታሩም እንደ ቀድሞው ኖራ የበዛበት ይሁን። ጠንካራ ስሚንቶ ለስላሳውን አሮጌ ጡብ እርጥበት አሳቅፎ ያስፈረፍረዋልና፣ ያጠነከረ እየመሰለው የሚያፈርስ ብዙ ነው።

ከ2000 ወዲህ የደረሱት አደጋዎች ይህን አረጋገጡ። ሜይ 22 ቀን 2011 በሚዙሪ ጆፕሊን ከሞቱት 161 ሰዎች 135ቱ የሞቱት ከሕንፃ መፍረስ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሆነ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ምርመራ አሳየ። በ2013 በኦክላሆማ ሙር ከተማ ፕላዛ ታወርስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ተደርምሶ ሰባት ሕፃናትን ገደለ። ከዚህ ጎን ለጎን የሚቆም ሌላ እውነት አለ። ሰዎች ከቶርኔዶ እንዲተርፉባቸው የሚሠሩት መጠለያ ክፍሎች በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ነፋስ የሚታቀዱ ናቸው፤ ግድግዳቸውም 6.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጣውላ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተወርውሮበት ይፈተናል። ባዶ ቀዳዳው በኮንክሪት የተሞላና ፌሮ የገባበት ተራ ብሎኬት ይህን ፈተና ያልፋል። እንግዲህ ገዳዩም አዳኙም ግድግዳ ብሎኬት ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው በውስጡ ያለው ማሰሪያ ነው። ከጆፕሊን ምርመራ በኋላ መሐንዲሶች የቶርኔዶን ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ የሕንፃ ጭነት ደረጃ ውስጥ፣ በ2022ቱ እትም አስገቡ። ትምህርት ቤትንና ሆስፒታልን የመሳሰሉ አዳዲስ ሕንፃዎችን የሚመለከት ትልቅ እርምጃ ነው። ቀድሞ የቆመው የጡብ ግንብ ግን ዛሬም ከዚህ ውጭ ነው።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከፍል ዲሴምበር 10 ቀን 2021 ሌሊት በኬንታኪ ታየ። 266 ኪሎ ሜትር የተጓዘው፣ በሰዓት 306 ኪሎ ሜትር የደረሰ ነፋስ የነበረው ቶርኔዶ 57 ሰዎችን ገደለ፤ በመንገዱ ላይ የነበረችው ሜይፊልድ መሐል ከተማዋን አጣች። በ1880ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የፍርድ ቤት ሕንፃ የሰዓት ማማውና ጣሪያው ሄደ፤ ኋላም መፍረስ ግድ ሆነበት። «ለእንዲህ ያለ ነፋስ ምን ማሰሪያ ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነውና መልስ ይገባዋል። በቶርኔዶው እምብርት ላይ ለቆመ አሮጌ ግንብ ቡሎን ዋስትና አይሆንም፤ ይሆናል የሚል ሰው ሕዝብ ያሳስታል። ነገር ግን በአሜሪካ ከሚደርሱት ቶርኔዶዎች እጅግ የሚበዙት በመለኪያው ዝቅተኛ ሁለት ደረጃዎች ላይ ያሉ ናቸው፤ በሁለቱ የመጨረሻ ደረጃዎች የሚመደቡት ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ብርቱው ቶርኔዶ ራሱ ከፍተኛ ፍጥነቱን የሚያሳርፈው በጠባብ መስመር ላይ ነው፤ ከዚያ መስመር ግራና ቀኝ ያሉት ብዙ ቤቶች የሚያገኛቸው የቀነሰ ነፋስ ነው። ማሰሪያ የሚሠራው ለእነዚያ ብዙዎች ነው፤ እምብርቱ ላይ ለሚገኙት ደግሞ ሕንፃው ውስጥ ለብቻው የተሠራ መጠለያ ክፍል አለ። ሁሉን ማዳን ስለማይቻል የሚቻለውን አለማዳን የአመክንዮ ስሕተት ነው።

ታሪኩ በጀመረበት ከተማ ይደመደማል። ሜይ 16 ቀን 2025 ከቀትር በኋላ፣ በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር የደረሰ ነፋስ የያዘ ቶርኔዶ ሴንት ሉዊስን መታ። የከተማው የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሳይጮህ ቀረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ተጎዱ፤ የሴንቴኒያል ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ከፊሉ ተደርምሶ አንድ ሰው ገደለ፤ በከተማው ቢያንስ አራት ሰዎች ሞቱ። ክፉኛ የተመታው በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበትና ለረጅም ዘመን ችላ የተባለው ሰሜናዊው ክፍል ነው፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች የቤት መድን አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን የተነሡት ፎቶግራፎች ከ1896ቱ ጎን ቢቀመጡ ልዩነታቸው ቀለም ብቻ ነው ያሰኛሉ፤ ጣሪያው የሄደ፣ የላይኛው ፎቅ ግድግዳው ደጅ ላይ የተዘረጋ፣ ምድር ቤቱ ግን የቆመ የጡብ ቤት። በ129 ዓመት ውስጥ ትንበያው ተለውጧል፣ መለኪያው ተለውጧል፣ ሕጉም ተለውጧል። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ግን በብዙዎቹ ቤቶች ሳይነካ ቆይቷል።

የቀሩት ተቃውሞዎች የገንዘብና የቅርስ ናቸው። አንድ ቤት በዕድሜው ቶርኔዶ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው፣ ስለዚህ ወጪው አያዋጣም ይባላል። ለአንድ ቤት እውነት ነው፤ ለአንድ ከተማ ግን አይደለም። ሴንት ሉዊስ ከ1896 በኋላ በ1927፣ በ1959 እና በ2025 ሰው ያጣች ከተማ ናት። ማሰሪያውም የሚጠብቀው ቶርኔዶን ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ጣሪያ የሚገነጥለውን ተራ ዐውሎ ነፋስ ይቋቋማል፣ በ1811 እና በ1812 ታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች የደረሱበት የኒው ማድሪድ ቀጠና ለሴንት ሉዊስም ለሜይፊልድም ቅርብ በመሆኑ ለዚያም ያገለግላል። ወጪውም ጊዜውን በመምረጥ ይቀንሳል፤ ጣሪያ በሚታደስበት ወቅት ወራጁ ተገልጦ ስለሚገኝ፣ ያን ጊዜ ማሰር ለብቻው ከሚሠራው እጅግ ይረክሳል። ቅደም ተከተልም አለ፤ መጀመሪያ ሕፃናትና ብዙ ሰው የሚሰበሰቡበት፣ ቀጥሎ በእግረኛ መንገድ ላይ ያዘነበለ ፓራፔት፣ ከዚያ መኖሪያ ቤት። አቅም ለሌለው ባለቤት የመንግሥት እጅ ያስፈልጋል፤ ከአደጋ በኋላ ፍርስራሽ ለማንሣት የሚወጣ ገንዘብ ከአደጋ በፊት ለቡሎን ሊወጣ የማይችልበት ምክንያት የለም። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ብረት የግንቡን መልክ ያበላሻል ብለው ቢሰጉ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጡብ ቤቶች ፊት ላይ የሚታዩትን የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ይመልከቱ። ጌጥ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን የቡሎን ራስ ሆኖ ግድግዳን ከወለል ጋር ማሰር ነው። ማሰር የቅርሱ አካል ነበር፤ የተረሳው በኋላ ነው።

በዳላስ፣ በናሽቪል፣ በኮሎምበስ፣ በሚኒያፖሊስና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ወሬ እንዳያነቡት አደራ እላለሁ። ያረጀ የጡብ ሕንፃ ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ የጸሎት ቤት፣ የሕፃናት መዋያ፣ ምግብ ቤት ወይም መኖሪያ አድርጋችሁት ከሆነ፣ ቀለሙንና ምንጣፉን ከማሳመራችሁ በፊት መሐንዲስ ጥሩና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ጣሪያ ከግድግዳው ጋር በምን ታስሯል? መልሱ «በክብደቱ» ከሆነ አልታሰረም ማለት ነው። ጣሪያው በሚቀጥለው ጊዜ ሲታደስ አሳስሩት፤ እስከዚያ ግን ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገባ ዛሬውኑ ወስኑ።